የሙስራራ ጭልፊቶች

የጭልፊቶቹን መምጫና መሄጃ አክስቴ እማሆይ በጾምና በበዓል ይቆጥሩት ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ወይም በገባ ሰሞን ወንዶቹ ቀድመው ከተፍ ይላሉ፤ ሴቶቹ ይከተላሉ። ሆሳዕና ላይ ጠበኞች ናቸው፣ በየቀዳዳው ይባላሉ። ዳግማይ ትንሣኤ ሲሆን አብዛኞቹ እንቁላል ታቅፈዋል። ጰራቅሊጦስ ላይ ጫጩት አለ። የሐዋርያት ጾም ሲጋመስ ጫጩቶቹ ጣሪያ ጫፍ ወጥተው ሰፈሩን በጩኸት ያምሱታል፤ ፍልሰታ ሲገባ ግን በሰማዩ ላይ አንዲት አትቀርም። ፋሲካ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሰሌዳው አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይዛነፋል። እማሆይ ያን ጊዜ ጥፋቱን የሚሰጡት ለወፎቹ ነበር። «ዘንድሮ ዘገዩሳ፣ ምን አገኛቸው?» ይላሉ፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ወደ ላይ እያዩ።

እማሆይ የሚኖሩት በኢየሩሳሌም፣ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ያስጀመሯት፣ ዐፄ ምኒልክ ያስፈጸሟት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ መንገዱም ራሱ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። ከዚያ ወጥቶ፣ የነቢያትን ጎዳና ተሻግሮ ጥቂት ቁልቁል የወረደ ሰው ሙስራራ ይደርሳል፤ በሌላ ጫፉ ወደ ደማስቆ በር የሚያወጣ፣ ባለ ቀይ ሸክላ ጣሪያ ሰፈር። እኔ የመጣሁት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ከፋሲካ ተሳላሚዎች ጋር ነው። ሊሳለም መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ታሪኩ ብዙ ነው፤ የእኔን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። ክፍል የተከራየሁት ሙስራራ ውስጥ ነበር፤ ያኔ ርካሽ ነበርና።

ጭልፊት ግን ለእኔ አዲስ አልነበረችም። ሰሜን ሸዋ ገበሬ ቤት ያደገ ልጅ ጭልፊትን የሚያውቃት በጠላትነት ነው። ጫጩት ትነጥቃለች፤ እናት ከጓዳ ስትጮህ ልጅ ድንጋይ ይዞ ይሮጣል። በኅዳር፣ ጤፍ ሲታጨድ፣ በመንጋ የሚመጡ ትንንሽ ጭልፊቶች ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ግን ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነበር። አጫጆቹ እየገፉ ሲሄዱ ፌንጣው ከፊታቸው ይዘላል። ጭልፊቶቹ ከበላይ ሆነው፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ አየር ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና ድንገት ይወርዳሉ፤ ፌንጣውን በእግራቸው ይዘው፣ ሳያርፉ እዚያው እየበረሩ ይበሉታል። ወንጭፌን ሳነሳ አያቴ ማጭዱን ሳያስቀምጥ «ተዋቸው፣ እነዚህ የፌንጣ ናቸው» አለኝ። በእሱ ዘንድ ጉዳዩ በዚህ አለቀ። ያ መንጋ የሙስራራዋ ጭልፊት ራሷ ትሁን የቅርብ ዘመዷ ዛሬ ተነስቼ አልምልም፤ በሰማያችን የሚያልፉ ትንንሽ ጭልፊቶች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው። እንዲህ እየተጠራራች በመንጋ ፌንጣ የምታሳድድ፣ ከመስከረም ወዲያ መጥታ እስከ መጋቢት የምትከርም ግን እሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

ሥራ ያገኘሁት ጣሪያ ከሚጠግን አንድ ተቋራጭ ዘንድ ነው። የሙስራራን ቤቶች የሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከከተማዋ ቅጥር ወጥተው መኖር የጀመሩ ባለጸጋ ዐረቦች ናቸው፤ አብዛኞቹ ክርስቲያኖች። በ1948ቱ ጦርነት ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። ከተማዋ ለሁለት ስትከፈል ሰፈሩ ድንበር ላይ፣ ሽቦና ፈንጂ አጠገብ ቀረ፤ ባዶዎቹ ቤቶች ውስጥም ከሞሮኮና ከሌላው ሰሜን አፍሪካ የመጡ ድሆች አይሁድ ተጨናንቀው ገቡ። በ1971 ጥቁር ፓንተሮች የተባለው የተቃውሞ እንቅስቃሴ የተነሳው ከእነዚሁ ሰዎች ልጆች ነው። ይህ ሁሉ መከራ ለጭልፊቶቹ ተመቻቸው ማለት ያሳፍራል፤ ቢሆንም እውነት ነው። ድሃ ጣሪያውን አያድስም። የተሰበረ ሸክላ እንደተሰበረ ይኖራል፤ ከሥሩ፣ በእንጨቱና በግንቡ መካከል፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይገኛል። ጭልፊቷ ጎጆ መሥራት አታውቅም፤ የምትፈልገው ይህንኑ ክፍተት ነው።

እኔ ስደርስ ገንዘብ ወደ ሰፈሩ መግባት ጀምሯል። ቤት የሚገዛው ሰው መጀመሪያ የሚያሳድሰው ጣሪያ ነው። አሠሪያችን መመሪያው አጭር ነበር፤ ቀዳዳ ካየህ ድፈን። አንዱ ሠራተኛ «ወፍ ካለበትስ?» ብሎ ሲጠይቀው «ወፍ ኪራይ አትከፍልም» አለው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ምሳ ያበላን ነበር። ግን ስንቱን ቀዳዳ በዚያ ዓመት እንደደፈነ ሳስበው ዛሬም ደስ አይለኝም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ አንዲት መበለት የሞሮኮ አሮጊት የሚኖሩበት ቤት ላይ ወጣን። እንዲህ ያሉት ሸክላዎች ከማርሴይ በመርከብ የመጡ ናቸው፤ ሲገለበጡ የፋብሪካው ማኅተም ከሥር ይታያል። ማኅተሙን ለማየት እያልኩ አንዱን ብድግ ሳደርገው ከውስጡ የሚያፍን፣ የአቧራና የኩስ ሽታ ወጣ። ቀጥሎ ወፊቱን አየኋት። ሴቷ ነበረች፤ ጀርባዋ ዝንጉርጉር፣ ዓይኗ ድፍን ጥቁር፣ ዙሪያው ቢጫ። በእጄና በእሷ መካከል አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። አልሸሸችም። ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ በጎኗ ጋደም አለችና ሁለት እግሯን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ጥፍሮቿ ነጫጭ ነበሩ። ከአጠገቧ አራት እንቁላል፤ ዳማ ነጠብጣብ ጥቅጥቅ ብሎ የፈሰሰባቸው። እንቁላሎቹ የተቀመጡት በባዶ አቧራ ላይ ነው። ዙሪያውን የፌንጣ እግር፣ የጢንዚዛ ቅርፊት፣ የመቶ እግር ቁርጥራጭ ተበትኖበታል። ያ የአንድ ሰሞን ቆሻሻ ሊሆን አይችልም፤ ቤቷ የቆየ ነበር።

ወንዱን ያየሁት ወዲያው ነው፣ ጭንቅላቴን ሊመታኝ ሲወርድ። ወንዱ መልከ መልካም ነው። ጀርባው አንድም ነጥብ የሌለበት ዳማ፣ ራሱ አመድማ ሰማያዊ፣ ክንፉ ላይ ደግሞ ያው ሰማያዊ በቀጭኑ ያለፈበት። አፉ ላይ ፌንጣ ይዞ ነበር፤ እየጮኸ ስለነበር ጣለው።

«አንተ ልጅ! ያን ሸክላ እንደነበረ መልሰው!»

አሮጊቷ መጥረጊያ ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል። አሠሪያችን ከታች ሆኖ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ውሃ ይገባብዎታል፣ ክረምቱን ያፈሳል አላቸው። እሳቸው ከመጡበት ዓመት ጀምሮ እንደሚያፈስ፣ ከሥሩም ባልዲ እንደሚያኖሩ ነገሩት። «እሷ ተከራዬ ናት። ኪራይ በደንብ ትከፍላለች፤ ቤቴ መቶ እግር ገብቶ አያውቅም።» ጭልፊቷ የምታድነው ከከተማ ወጥታ ሜዳ ላይ ነውና የአሮጊቷ ቤት መቶ እግር አያገባትም፤ ግን ማን ይከራከራቸዋል? ክርክሩ በዕብራይስጥ ተጀምሮ በሞሮኮ ዐረብኛ ስድብ አለቀ። ያቺን የጣሪያ ጥግ ሳንነካ ወረድን፤ አሮጊቷም ለእሷ የሚገባውን ያህል ከሂሳቡ ቀንሰው ከፈሉ። ተቋራጩ ዓመቱን ሙሉ ሲያነሳው ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እሳቸው ደጃፍ መቀመጥ ጀመርኩ። ሻይ በናና ያፈላሉ። ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች ዳገቱን ሲወጡ ጭልፊቶቹም ከሜዳ ይመለሳሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጣሪያው በላይ ተሰብስበው ይዞራሉ፣ ይጣራሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ይቆረጣል። ውብ ዜማ ነው አልልም። ግን አንዴ የለመደው ጆሮ በመኪና ጥሩምባ መካከል ሳይቀር ይለየዋል። አሮጊቷ ወንዱ ለሴቷ ምግብ ይዞ ሲመጣ «የእኔው ባል እንዲህ አላደረገልኝም» ይሉ ነበር፣ በየምሽቱ፣ በዚያው ቃል።

ስለ ወፊቱ የተማርኩትም እዚያው ደጃፍ ነው። ከተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር የሚመጣ፣ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ የማይለየው አንድ ወጣት ነበር፤ በየጣሪያው ያለውን ጎጆ ይመዘግባል። ያንን መነጽር ሲያውሰኝ ነው ጥፍሯ ነጭ የሆነበትን ምክንያት የጠየቅሁት። ምክንያቱን አልነገረኝም፤ መለያዋ መሆኑን ግን ነገረኝ። የተለመደችው ከፍ የምትለዋ ጭልፊት ጥፍሯ ጥቁር ነው፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ አይጥም ትይዛለች። ይቺኛዋ ክብደቷ ሁለት መቶ ግራም የማይሞላ፣ በመንደር የምትኖር፣ ነፍሳት በላ ናት። ከስፔን እስከ ቻይና ትራባለች፤ ብርዱ ሲመጣ ሰሃራን ተሻግራ አፍሪካ ትከርማለች፤ ከነዘመዶቿ እስከ ደቡብ አፍሪካ ካሩ ሜዳ ድረስ የምትወርድ አለች።

የነገረኝ ቁጥር ግን ልቤን ነካው። በምዕራብ አውሮፓ ከ1950 ወዲህ በየዐሥር ዓመቱ ግማሽ ያህሏ እየጠፋ ነበር የሄደው። አንድ ሰው ከልጅነቱ እስከ ሽምግልናው እየቆጠረ ቢኖር መጨረሻ ላይ የሚቆጥረው ያጣል ማለት ነው። እስራኤል ውስጥ ደግሞ በ1950ዎቹ የመስክ አይጥ ለማጥፋት ታሊየም በተባለ መርዝ የተለወሰ ስንዴ በየእርሻው ተበተነ፤ አይጦቹን የበሉት አዳኝ ወፎች በብዛት አለቁ። ይህንን መዝግበው ያስቀሩት ሃይንሪክ ሜንዴልሶን የሚባሉ የቴል አቪቭ የእንስሳት ሊቅ ናቸው። አይጥ እምብዛም ለማትበላው ለዚህች ሌላ መከራ ነበረላት፤ ፌንጣውን የሚገድለው ፀረ ተባይ። እሷን ራሷን ባይነካት እንኳ ሜዳውን ባዶ ያደርግባታል። የተፈጥሮ ጥበቃው ዓለም አቀፍ ኅብረት በ1994 ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርዝር ያስገባት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

በ2011 ከዚያ ዝርዝር ወጥታለች። ዜናውን ስሰማ የተደሰትኩትን ያህል ገርሞኛል፤ ያዳናት አንድ ትልቅ ነገር አይደለምና። ስፔን ውስጥ ትሩሂዮ በምትባል ከተማ የበሬ መጋጠሚያው ሜዳ ጣሪያ ለእሷ ሲባል በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው። በደቡብ ጣሊያን፣ ማቴራ ላይ፣ ከአለት ከተፈለፈሉት ድሃ ቤቶች መንግሥት በ1950ዎቹ ነዋሪዎቹን አስወጥቶ ነበር፤ ጭልፊቶቹ ግን በከተማዋ ጣሪያዎች ሥር ቀጠሉ፣ ዛሬ ቱሪስቱ የሚያነሳው ፎቶ ላይ አሉ። በየቦታው አንድ ግትር ሰው አለ። አንዱ ቄስ የደወሉን ቤት ቀዳዳ አላስደፍን ብሏል፣ አንዱ ገበሬ ጎተራውን አላፈርስም ብሏል፤ እኛ ጋ ደግሞ መጥረጊያ የያዙ አሮጊት ነበሩ። ከግትሮቹ ቀጥሎ ነው ሕጉም፣ ገንዘቡም፣ ሳይንሱም የመጣው። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አልወድም።

ወደ ሙስራራ ልመለስ፤ የእንጨት ሳጥን ሥራ የመጣው አሮጊቷ ደጃፍ በምቀመጥበት በዚያ ዘመን ነው። ጣሪያ ሲታደስ ቀዳዳው ከተደፈነ በምትኩ ሳጥን ይሰቀላል፣ ወይም ከሸክላው ሥር ይገባል። አናጢነት ከአባቴ ስለተማርኩ መቁረጡን እኔ ወሰድኩት። ለዓይን ቀላል ሥራ ነው። ምስጢሩ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው፤ ስፋቱ ስድስት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ መሆን አለበት። ትንሽ ከሰፋ እርግብ ትገባለች፣ እርግብ ከገባች ደግሞ አትወጣም። ከጠበበ ጭልፊቷ አንገቷን ብቻ አስገብታ ትቀራለች። ወለሉ ላይ አሸዋና ጠጠር ይደረጋል፣ እንቁላሉ እንዳይንከባለል። አየር ማስገቢያ ካልተተወለት ሰኔ ላይ ውስጡ ምድጃ ይሆናል። የመጀመሪያውን ዓመት ሳጥኖቹን ድንቢጦች ወረሷቸው። ቀጥሎ ግን አንድ ወንድ አንዱን ሳጥን ሲመረምር አየነው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ አፉን ከፍቶ ጮኸ። ሴቷ መጣች፣ አየችው፣ ሄደች። በማግስቱ ተመለሰች። አሮጊቷ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠርተው ለውዝ አበሉን።

ለእማሆይ ይህን ሁሉ ብነግራቸው በመጀመሪያ አልጣማቸውም። «ሰው ቤት አጥቶ ውጭ እያደረ ለወፍ ቤት ይሠራል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ ግን ከግቢያቸው ጥግ ቆመው የዳቦ ፍርፋሪ ሲበትኑ አገኘኋቸው።

«ለማን ነው እማሆይ?»

«ለነዚያ ለጭልፊቶችህ ነዋ።»

«እማሆይ፣ እነሱ እህል አይቀምሱም። ፌንጣና ጢንዚዛ ነው ምግባቸው። እንሽላሊትም አይምሩ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «በጾም?»

«በጾም።»

ዝም ብለው ቆዩና «በሉ እንግዲህ ይቅር ይበላቸው» ብለው የቀረውን ፍርፋሪ ለድንቢጦቹ ደፉት። ከዚያ ወዲያ ግን ስለ ወፎቹ ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ የዘመድን ጉድ የሚጠይቁ ይመስል።

ሰኔ ከባድ ወር ነው። ሸክላው ቀኑን ሙሉ ይግላል፤ ጫጩቶቹ ላባቸው ሳይጠና ከሙቀቱ ሸሽተው ወደ ጫፍ ይወጣሉ፣ ከዚያም ይወድቃሉ። ታች ድመት አለ፣ ቁራ አለ፣ መኪና አለ። የመጀመሪያውን የወደቀ ጫጩት ያገኘሁት ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ከበውት ነው። ግማሽ አካሉ ገና ነጭ ጠጉር ለብሷል፤ ከክንፉ ላይ እውነተኛው ላባ ወጥቷል፣ ጭራው አጭር ነው። አንዱ ልጅ ውሃ በክዳን ይዞ አፉ ውስጥ ሊያፈስ ነበር፤ ይህ እንደሚያንቃቸው ያ ባለ መነጽር ወጣት ነግሮኝ ስለነበር ከለከልኩት። ሸሚዜን አውልቄ ጣል አደረግሁበት። ስይዘው አውራ ጣቴን በጥፍሩ ጨበጠ። የዚህች ነፍስ ጉልበት አይገመትም፤ ጣት በጣት ነበር ያላቀቅነው። ጠባሳው ትንሽ ነው፣ ግን አለ። በካርቶን ውስጥ፣ ጨለማ አድርገን፣ አሮጊቷ ጓዳ አስቀመጥነው። በሩ ላይ ወንበር አኑረው ተቀመጡ፤ ሬዲዮ የሚሰሙ አስመስለው ጫጩቱን ነበር የሚሰሙት። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ በመሰላል ወጥቼ ወንድሞቹ መካከል መለስኩት። እናትየው ስለውለታዬ አናቴን ነካችኝ።

ሰዎች አንድ ነገር ይሉኛል፣ በቅንነት ነው የሚሉት። «ይቺ ወፍ እንደ አንተው ናት፤ ከኢትዮጵያ መጥታ ኢየሩሳሌም ቤት የሠራች።» በየንግግሩ፣ በየጉብኝቱ ይባላል። እኔ ንጽጽሩ አይመቸኝም። ጭልፊቷ ቪዛ አላስመታችም፣ መታወቂያ ቢሮ ተሰልፋ አላደረችም፣ እናቷ በሌለችበት አልተቀበረችባትም። ሁለቱም አገር የራሷ ነው፤ በየዓመቱ ሁለቱንም ታያለች። እሷን ስወዳት ስደተኛ ስለሆነች አይደለም። ሰው ቤት ውስጥ ሳታፍር ስለምትኖር ነው፤ ከአልጋህ በላይ እንቁላል ጥላ፣ አንተኑ መልሳ ስለምትቆጣህ።

አንድ ጊዜ ግን ወደ አገር ቤት የሄድኩት በእሷ ሰሞን፣ በኅዳር ነበር። አጎቴ ማሳ ዳር ተቀመጥን። ዛፍ የሚባለው ባሕር ዛፍ ብቻ ሆኗል፤ ጤፉ ያምራል። የፀረ አረም ጀሪካን ከአጥሩ ሥር ተደርድሯል።

«ጋሼ፣ እነዚያ ትንንሾቹ ጭልፊቶች ዛሬም ይመጣሉ?»

«ኢየሩሳሌም ተሳልመህ መጥተህ የምትጠይቀኝ ስለ ጭልፊት ነው?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ አሰበና «ይመጣሉ፤ ግን ያኔ የምታውቀውን ያህል አይደለም። ፌንጣውስ የታለ?» አለኝ።

ገበሬ ነው፤ አረሙን በእጁ አርሞ ወገቡ የተቆረጠ ሰው ነው። ጀሪካኑን ጣል የምለው በምን አፌ ነው? የበረሃ አንበጣ በ2019ና በ2020 አገሪቱን ሲወር፣ ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ነው ሲባል፣ በአውሮፕላን መርዝ ተረጭቷል፤ ባይረጭ ረኃብ ነበር። አንበጣ የምትበላ ወፍ በዚያ ዓመት ምን ገጠማት የሚለውን የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ወደ አፋር ሲወረድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም መጤ ዛፍ የሣር ሜዳውን እየዋጠው ነው። የአላይደጌን ሜዳ የሚያውቅ አርብቶ አደር ስለዚህ ዛፍ ሲያወራ ፊቱ ይጨልማል፤ ከብቱም የሜዳ አህያውም በዚያው ሣር ላይ ናቸው። ሣር በል ነፍሳትና እነሱን የምትበላዋ ጭልፊትም እዚያው ናቸው። ስለ ወፊቱ በአውሮፓም በኢየሩሳሌምም የሚሰበሰቡ ሰዎች ንግግራቸው ሁሉ ስለ ጣሪያ የሆነው ጣሪያውን በዓይናቸው ስለሚያዩት ይመስለኛል። ሳጥን መስቀል ያስደስታል፤ እኔንም አስደስቶኛል። ከዓመቱ ግማሹን ያህል የምትኖርበትን ሜዳ ግን ማንም በመሰላል ወጥቶ አይሠራውም። በኢየሩሳሌምም ቢሆን ከከተማዋ ዳርቻ ያለው ክፍት መሬት በየዓመቱ ቤት እየበቀለበት ነው፤ አባትየው ፌንጣ ፍለጋ የሚሄድበት መንገድ እየረዘመ፣ ጫጩቶቹ የሚጠብቁበት ሰዓትም እየረዘመ ይሄዳል።

እማሆይ ዐርፈዋል። አሮጊቷም። ቤታቸውን የገዛው ሰው ጨዋ ነው፤ ጥጓን እንዳትነካ ብለው ውል ውስጥ ያስገቡበትን ቃል ጠብቋል። ሌሎቹ ግን ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። አሁን ቀዳዳ የሚደፈነው በስሚንቶ ሳይሆን በሚነፋ አረፋ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጠዋት የአንድ መንገድ ጣሪያ ይጨርሳል፣ ውስጥ ማን እንዳለ ሳያይ። ሕጉ ወፊቱን ይጠብቃታል፤ ጎጆዋን መንካት ወንጀል ነው። ግን ሚያዝያ ላይ ጣሪያ ላይ የሚቆም ፖሊስ የለም፤ የሚቆመው የቀን ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ስልኬን ለሠራተኞቹ እሰጣለሁ። ባለፈው የሐዋርያት ጾም ሳይገባ አንድ ልጅ ደወለልኝ፣ የጎንደር ልጅ ነው፣ ጣሪያ ላይ ሆኖ።

«ጋሼ፣ እዚህ አንድ ነገር እየጮኸብኝ ነው። ሦስት ናቸው። ነጫጭ ናቸው።»

«እንዳትነካቸው። ሸክላውን መልሰህ ክደን።»

«አሠሪዬ ዛሬ ጨርስ ብሏል።»

«ሌላውን ጨርስ። እሱን ጥግ ለሐምሌ መጨረሻ ተወው፤ ያን ጊዜ ባዶ ይሆናል። ስትደፍንም ሙሉ በሙሉ አትድፈን፤ እኔ ሳጥን አመጣልሃለሁ።»

ትንሽ ዝም አለ። ከበስተኋላው የእናትየው ጩኸት ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ አሠሪዬ ቢቆጣስ ማን ይከፍለኛል?»

«ስንት ነው የቀን ሂሳብህ?» አልኩት።